መወጣጫው ይፍረስ ወይስ ይቆይ? በኦፐሬቲንግ ሲስተም ውስጥ ስለሚቀሩ የስህተት መልቀሚያዎች

መግቢያ

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በካዛንቺስ በኩል የሚያልፍ ሰው ግንባታ ሳያይ አያልፍም። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ራሱ ከግንባታ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ የነበረው የጣሊያን ተቋም በምሕጻረ ቃል «ኢንቺስ» ይባል ስለነበር ቤቶቹ «ካዜ ኢንቺስ»፣ ማለትም የኢንቺስ ቤቶች ተባሉ፤ ይህም በአዲስ አበባ ሰው አንደበት ካዛንቺስ ሆነ። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ የነባሩ ሰፈር ሰፊ ክፍል በኮሪደር ልማት ምክንያት ፈርሶ በቦታው አዲስ ግንባታ ተተክቷል።

ሕንፃ ተሠርቶ ሲያልቅ ሁላችንም የምናውቀው አንድ ሥርዓት አለ። ሠራተኞቹ የባሕር ዛፉን መወጣጫ ያፈርሳሉ። ለአሸዋና ለድንጋይ ማስገቢያ ብለው በአጥሩ ላይ የተዉትን ክፍተትም ይደፍናሉ። ይሁን እንጂ ለሥራ የረዳቸውን ሁሉ አያነሡም። የፍሳሹ ማንሆል ከነክዳኑ ይቀራል፤ የውኃውና የመብራቱ ቆጣሪም እንዲሁ። ማንሆሉን «ሕንፃው አልቋል» ብሎ በሲሚንቶ የሚደፍን ግንበኛ ቢኖር፣ ቱቦው የተዘጋ ዕለት ባለቤቱ ወለሉን በዶማ ለማፍረስ ይገደዳል። የአጥሩን ክፍተት ሳይደፍን የሚሄድ ግንበኛ ቢኖር ደግሞ ባለቤቱ አንድ ሌሊት ንብረቱን ያጣል።

የኦፐሬቲንግ ሲስተም ጸሐፊዎችም ሥራቸውን ጨርሰው ለተጠቃሚ ሲያስረክቡ ይኸው ጥያቄ ይገጥማቸዋል። ስህተት ለመፈለግ ብለው በኮዱ ውስጥ ያስገቧቸውን ረዳት ነገሮች ያውጧቸው ወይስ ይተዉአቸው? በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ ከነታሪኩና ከነስሌቱ እንመረምራለን። ጥያቄው የባለሙያዎች ብቻ አይደለም፤ በኪሳችን የያዝነውን የእጅ ስልክም ይመለከታል።

የስህተት መልቀሚያ ምንድን ነው?

ምስር ከመቀቀሉ በፊት ጠጠሩ ይለቀማል። ፕሮግራመሮች «ዲበጊንግ» የሚሉት ሥራም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ እኛም ስህተት ለቀማ እንለዋለን። ለቀማውን ለማቅለል በኮዱ ውስጥ የሚጨመሩትን ነገሮች በሦስት ወገን ከፍለን ብናያቸው ነገሩ ግልጽ ይሆናል።

የመጀመሪያው ወገን ፍተሻ ነው። ፕሮግራሙ በሥራው መካከል ቆም ብሎ «እዚህ ቦታ ስደርስ ይህ ቁጥር ከዜሮ መብለጥ አለበት፤ በእርግጥ በልጧልን?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ካልበለጠ ስህተት መኖሩን ያሳውቃል፤ ወይም ይቆማል።

ሁለተኛው ወገን መዝገብና ክትትል ነው። ፕሮግራሙ «ይህን ጀመርሁ፤ ይህን ጨረስሁ፤ ይህ አልሳካ አለኝ» እያለ ይጽፋል። የትኛው ሥራ በየትኛው ቅጽበት ፕሮሰሰሩን እንደያዘ የሚመዘግቡት መከታተያዎችም በዚህ ወገን ይቆጠራሉ።

ሦስተኛው ወገን በር ነው። ይህ ባለሙያው ወደ ሚሠራው ማሽን ውስጥ ገብቶ ማኅደረ ትውስታውን እንዲያነብ፣ እሴት እንዲለውጥ፣ ወይም ትእዛዝ እንዲሰጥ የሚያስችለው ነው። ፍተሻና መዝገብ ይናገራሉ እንጂ አይታዘዙም፤ በሩ ግን ከውጭ የመጣን ትእዛዝ ይቀበላል። ይህን ልዩነት አንባቢ እንዲይዝልን እንሻለን፤ የኋላው ክርክር የሚዞረው በእርሱ ላይ ነውና።

ጉዳዩ በኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ የሚከብደው ለምንድን ነው? አንድ ተራ ፕሮግራም ቢሳሳት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ያቆመዋል፤ የቀሩት ሥራቸውን ይቀጥላሉ። የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ቢሳሳት ግን ከበላዩ ሆኖ የሚይዘው የለም። ማሽኑ ሁሉ ይቆማል፤ ወይም ከዚህ በከፋ ሁኔታ ሳይቆም የተበላሸ ውሂብ ወደ ዲስክ ይጽፋል። ከርነል ያልተገደበ ሥልጣን ስላለውም በውስጡ የተረሳ በር ቢኖር ገቢው የማሽኑ ጌታ ይሆናል።

«ይወገዱ» የሚሉ ወገኖች

የመጀመሪያው ምክንያታቸው ዋጋ ነው። ይህንን በስሌት እንየው። በሴኮንድ 3 ቢሊዮን ምት የሚመታ ፕሮሰሰር አለ እንበል። አንድ ቀላል ፍተሻ 2 ምት ቢፈጅና በሴኮንድ 10 ሚሊዮን ጊዜ ቢደጋገም በድምሩ 20 ሚሊዮን ምት ይወስዳል። ይህ ከጠቅላላው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ሌላ ከባድ ፍተሻ፣ ለምሳሌ መቆለፊያዎች በትክክለኛ ቅደም ተከተል መያዛቸውን የሚመረምር፣ 2,000 ምት ቢፈጅና በሴኮንድ 1 ሚሊዮን ጊዜ ቢጠራ ግን 2 ቢሊዮን ምት ይበላል። የማሽኑ ጉልበት ሁለት ሦስተኛው ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ «ፍተሻ ያዘገያል» ወይም «አያዘገይም» ብሎ በጅምላ መናገር አይቻልም፤ እያንዳንዱ በየራሱ ይሰላል።

መዝገብም የራሱ ዋጋ አለው። መልእክቱ በሴኮንድ 115,200 ቢት በሚያስተላልፍ የሲሪያል መስመር ይወጣል እንበል። እያንዳንዱ ፊደል ከመነሻና ከመድረሻ ምልክቱ ጋር 10 ቢት ስለሚይዝ በሴኮንድ 11,520 ፊደላት ያልፋሉ። ባለ 80 ፊደል አንድ መስመር ለመጻፍ ወደ 7 ሚሊሴኮንድ ይፈጃል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ፕሮሰሰራችን 21 ሚሊዮን ምት ያህል መትቷል። የጊዜ አሰላለፍ ስህተት የሚፈልግ ተማሪ «መዝገብ ስጨምር ስህተቱ ይጠፋል፤ ሳወጣው ይመለሳል» ብሎ የሚደነግጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ መዝገቡ ራሱ የሥራውን ፍጥነት ለውጦታልና።

ሁለተኛውና ከባዱ ምክንያታቸው ደኅንነት ነው። ለዚህ ዘወትር የሚጠቀሰው ምሳሌ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1988 የደረሰው ነው። በዚያን ጊዜ «ሰንድሜይል» የተባለው የኤሌክትሮኒክ ፖስታ አስተላላፊ ፕሮግራም ከበርክሊ ዩኒክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጋር አብሮ ይታደል ነበር። የፖስታ አቅጣጫ አወሳሰን እጅግ የተወሳሰበ በመሆኑ፣ ፕሮግራሙ ለሙከራ የሚረዳ «ዲበግ» የተባለ አማራጭ ነበረው። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሰንድሜይል ከላኪው በኩል የተቀባይ አድራሻ በመጠበቅ ፈንታ ትእዛዝ ሊቀበልና ሊፈጽም ይችል ነበር። አማራጩም ለተጠቃሚዎች በታደሉ ብዙ ቅጂዎች ውስጥ እንደ በራ ቀርቶ ነበር።

በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የነበረው ሮበርት ሞሪስ የጻፈው ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም በዚህ በር ገባ። በር የሆነለት ይህ ብቻ አልነበረም፤ በሌላ የኔትወርክ አገልግሎት ውስጥ የነበረን የማኅደረ ትውስታ ስህተትና በቀላሉ የሚገመቱ የይለፍ ቃላትንም ተጠቅሟል። በወቅቱ በተሰጠው ግምት መሠረት ከኢንተርኔት ጋር ከተያያዙት 60,000 ያህል ማሽኖች ውስጥ ወደ 6,000 የሚጠጉት ተጠቅተዋል። ማሽኖቹ በራሳቸው ላይ በተባዙት ቅጂዎች ብዛት እየተጨናነቁ ሥራ አቆሙ። ሞሪስም እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ የኮምፒዩተር ወንጀል ሕግ ጥፋተኛ ተብሎ ተፈረደበት። የአጥሩ ክፍተት ሳይደፈን ሲቀር የሚመጣው ይህ ነው።

የማይደረስበት ማሽን

«ይቆዩ» የሚሉት ወገኖች ደግሞ ክርክራቸውን የሚጀምሩት ከርቀት ነው። ለዚህም ከካዛንቺስ መራቅ አያስፈልገንም። እ.ኤ.አ. በ1958 የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫው እዚሁ ነው። በኮሚሽኑ ሥር እ.ኤ.አ. በ1980 «ፓዲስ» የተባለ የመላ አፍሪካ የሰነድና የመረጃ አገልግሎት ተመሠረተ። ኢንተርኔት እ.ኤ.አ. በ1997 በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል ወደ አገራችን ከመግባቱ በፊት፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ፓዲስ «ፊዶኔት» በተባለው ዘዴ የኤሌክትሮኒክ ፖስታ አገልግሎት ይሰጥ ነበር።

የፊዶኔት አሠራር ከዛሬው ይለያል። ደብዳቤው በማሽኑ ላይ ተከማችቶ ይቆይና ማሽኑ በሞደም አማካይነት ስልክ ደውሎ ከሌላኛው ማሽን ጋር ይገናኛል፤ ያለውን አስረክቦ የመጣለትን ተቀብሎ መስመሩን ይዘጋል። ግንኙነቱ በመካከል ቢቋረጥ ስህተቱ ከወዲህኛው ማሽን ይሁን ከወዲያኛው ወይም ከስልክ መስመሩ ማወቅ የሚቻለው ማሽኑ በጻፈው መዝገብ ብቻ ነው። በሌላ አገር ያለውን ማሽን ሄዶ መክፈት አይቻልም፤ ያንኑ የመስመር ሁኔታ እንደገና መፍጠርም አይቻልም። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ «ማሽኑ ይፍጠን» ብሎ መዝገቡን ማውጣት ብቸኛውን ምስክር ማባረር ነው።

ዛሬም ቢሆን ሁኔታው የጠፋ አይደለም። በአንድ መሥሪያ ቤት ያለ ሰርቨር መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር የሚንገራገጭ ከሆነ፣ የሠራው ባለሙያ ደግሞ በሌላ ከተማ ወይም በሌላ አገር ካለ፣ የቀረችለት ማስረጃ ማሽኑ ከመውደቁ በፊት የጻፋት የመጨረሻ መስመር ናት። ፍተሻውና መዝገቡ የወጡለት ማሽን ግን ውሂቡ ከተበላሸ ከብዙ ቀን በኋላ ይጮኻል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ።

የማርሱ ትምህርት

ከማይደረስባቸው ማሽኖች ሁሉ እጅግ ሩቅ ከሆኑት አንዱ እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1997 ማርስ ላይ ያረፈው «ፓዝፋይንደር» ነው። በዚያ ቀን ከምድር የተላከ የሬዲዮ መልእክት ለመድረስ ከ10 ደቂቃ በላይ ይፈጅ ነበር። መንኮራኩሩ ይጠቀምበት የነበረው ኦፐሬቲንግ ሲስተም «ቪኤክስወርክስ» ይባላል። ካረፈ ከጥቂት ቀናት በኋላ የአየር ሁኔታ መረጃ መሰብሰብ ሲጀምር ኮምፒዩተሩ ሳይታሰብ ራሱን እያጠፋ እንደገና ይነሣ ጀመር። በተነሣ ቁጥር የዚያ ቀን ቀሪ ሥራ ለማግስቱ ይተላለፋል።

የችግሩን ምንነት በመሥሪያ ቤት ምሳሌ እናስረዳ። አንድ ትንሽ ጸሐፊ ማኅተም ይዞ ሥራውን በመሥራት ላይ ነው። የበላይ ኃላፊው ማኅተሙን ስለሚፈልግ ጸሐፊው እስኪጨርስ ይጠብቃል። በዚህ መካከል ማኅተሙ የማያስፈልገው መካከለኛ ሹም ይመጣና በሥልጣኑ ጸሐፊውን ከወንበሩ አስነሥቶ ረጅም ሥራውን ይጀምራል። ውጤቱ ምንድን ነው? ትልቁ ኃላፊ ከእርሱ በታች ባለ ሹም ምክንያት ቆሞ ቀረ። በኮምፒዩተር ሳይንስ ይህ «የቅድሚያ መገልበጥ» ይባላል። በፓዝፋይንደር ላይ ጸሐፊው የአየር ሁኔታ ሥራው፣ ኃላፊው የመረጃ ማስተላለፊያውን የሚያስተዳድረው ሥራ፣ መካከለኛው ሹም ደግሞ የመገናኛ ሥራዎች ነበሩ። ዋናው ሥራ በጊዜው አለመጠናቀቁን ያየው ተቆጣጣሪ «አንድ ነገር ተበላሽቷል» ብሎ ማሽኑን በሙሉ እንደገና ያስነሣዋል።

መሐንዲሶቹ ይህን እንዴት ደረሱበት? በመንኮራኩሩ ሶፍትዌር ውስጥ የክትትል መዝጋቢ ነበር፤ ይኸው ሶፍትዌር በምድር ባለው ላቦራቶሪም በተመሳሳይ ማሽን ላይ ነበር። በላቦራቶሪው መከታተያውን አብርተው 18 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ችግሩ እንዲደገም አደረጉ። መዝገቡም ማን ማኅተሙን እንደያዘ፣ ማን እንደጠበቀ፣ ማን መካከል ላይ እንደገባ አሳያቸው። መፍትሔውም ጸሐፊው ማኅተሙን እስኪመልስ ድረስ የኃላፊውን ማዕረግ እንዲዋስ ማድረግ ነበር። ይህ አማራጭ በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ውስጥ ቢኖርም ለዚያ መቆለፊያ ጠፍቶ ነበር፤ ማስተካከያው ከምድር ተልኮ በራ፤ መንኮራኩሩም ሥራውን ቀጠለ።

ይህ ታሪክ ሲነገር «የስህተት መልቀሚያው በዕድል ተረስቶ ቀርቶ ነበር» የሚሉ አሉ። የሶፍትዌሩን ቡድን የመሩት ግሌን ሪቭስ ግን ይህን አርመዋል። መልቀሚያዎቹ የቀሩት በዕቅድ ነው፤ የሚበርረው የተፈተነው ይሁን፣ የሚፈተነውም የሚበርረው ይሁን በሚል መርህ ነው። መርሁ ለተማሪ ታላቅ ትምህርት አለው። መልቀሚያውን ከፈተና በኋላ ስናወጣ ኮዱም፣ ፍጥነቱም፣ የማኅደረ ትውስታው አቀማመጥም ይለወጣል፤ ስለዚህ ያስረከብነው የፈተንነውን አይደለም።

ከዚህ ቀደም ብሎም እንግሊዛዊው የኮምፒዩተር ሳይንቲስት ቶኒ ሆር እ.ኤ.አ. በ1973 ተመሳሳይ ነገር አስገንዝበዋል። በልምምድ ጊዜ ፍተሻውን አብርቶ በእውነተኛው ሥራ ጊዜ የሚያጠፋውን ሰው፣ በየብስ ሲለማመድ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለብሶ ወደ ባሕር ሲወጣ ከሚያወልቅ ሰው ጋር አነጻጽረውታል።

ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ያገኙት መካከለኛ መንገድ

ሁለቱም ወገኖች እውነት ስላላቸው የኦፐሬቲንግ ሲስተም ሠሪዎች የተለያዩ መንገዶችን ሞክረዋል።

የመጀመሪያው መንገድ ሁለት ቅጂ ማዘጋጀት ነው። ማይክሮሶፍት ለብዙ ዓመታት ዊንዶውስን ፍተሻ ያለበትና የሌለበት አድርጎ በሁለት ዓይነት ያወጣ ነበር፤ ፍተሻ ያለበትን የሚጠቀሙት በተለይ የድራይቨር ጸሐፊዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው የዊንዶውስ 10 እትም ጀምሮ ግን ባለ ፍተሻውን ቅጂ ማውጣት አቁሟል። ፍሪቢኤስዲ ደግሞ በልማት ላይ ባለው ቅርንጫፍ ውስጥ ከባድ ፍተሻዎችን አብርቶ፣ ለተጠቃሚ በሚያወጣው እትም ላይ ያጠፋቸዋል። ይህ መንገድ ዋጋውን ይቀንሳል፤ ነገር ግን የማርሱን መርህ አያሟላም።

ሁለተኛው መንገድ መልቀሚያው ተኝቶ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ2005 ከሶላሪስ 10 ጋር ያወጣው «ዲትሬስ» በዚህ ረገድ ፈር ቀዳጅ ነው። ሊኑክስም እ.ኤ.አ. በ2008 «ኤፍትሬስ» የተባለውን መከታተያ ተቀበለ። ስልቱ የሚያስገርም ነው። በከርነሉ ውስጥ በሺዎች በሚቆጠሩ ተግባራት መግቢያ ላይ ለመከታተያው የሚሆን ቦታ ይተዋል፤ ማሽኑ ሲነሣ ቦታው «ምንም አትሥራ» በሚል ባዶ ትእዛዝ ይሞላል። መከታተያው ሲያስፈልግ ከርነሉ እየሠራ ሳለ ባዶው ትእዛዝ ወደ መከታተያ ጥሪ ይለወጣል፤ ሥራው ሲያልቅ ይመለሳል። ማንሆሉ ክዳን አገኘ ማለት ነው፤ ሲከደን መንገደኛ በላዩ ያልፋል፤ ሲከፈት ባለሙያው ይወርዳል። የሚታደለውና የሚፈተነው ኮድም አንድ ሆነ።

ሦስተኛው ጥያቄ በሩን ይመለከታል። የሊኑክስ ጀማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2000 የከርነል ዲበገር በዋናው ኮድ ውስጥ እንዳይገባ ተቃውመው ነበር። ምክንያታቸው ደኅንነት አልነበረም፤ እንዲህ ያለ መሣሪያ ሰዎች ኮዱን በጥልቅ በማሰብ ፈንታ ምልክቱን ብቻ እንዲጠግኑ ያደርጋል የሚል ነበር። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2008 «ኬጂዲቢ» የተባለው ዲበገር ተቀባይነት አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ሊኑክስ 5.4 «ሎክዳውን» የተባለ አሠራር ይዞ መጣ፤ ይህ ሲበራ የማሽኑ አስተዳዳሪ እንኳ ከርነሉን በመልቀሚያ በሮች በኩል መንካት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2022 ግን ዲበገሩ ራሱ ከዚህ እገዳ ውጭ ቀርቶ መገኘቱ ታወቀና ተስተካከለ። በርን ዘግቻለሁ ማለትና መዘጋቱን ማረጋገጥ የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ እንማራለን።

በኪሳችን ያለው በር

አሁን ወደ ሠፈራችን እንመለስ። የአንድሮይድ ስልክ ከርነሉ ሊኑክስ ነው። ስልኩን ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ ፋይል ለማውጣት፣ ፕሮግራም ለመጫንና ትእዛዝ ለመስጠት የሚያስችል «የአንድሮይድ ዲበግ ድልድይ» የሚባል በር አለው። በስልክ ጥገና ቤቶች «ዩኤስቢ ዲበጊንግ አብራ» ሲባል የምንሰማው ይህ ነው። ፕሮግራም ለሚጽፍ ተማሪ ያለ እርሱ ሥራ የለም፤ ለሌባም ቢሆን ያው ነው።

ጎግል ይህን በር አላጠፋውም፤ ቁልፍ አበጀለት እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው አንድሮይድ 4.2 ጀምሮ የገንቢዎች አማራጭ ተደበቀ፤ የሚታየው የስልኩን የግንባታ ቁጥር ሰባት ጊዜ ለነካ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በአንድሮይድ 4.2.2 ደግሞ ስልኩ ከእያንዳንዱ አዲስ ኮምፒዩተር ጋር ሲገናኝ «ይህን ኮምፒዩተር ታምናለህን?» ብሎ በማያ ገጹ ላይ እንዲጠይቅ ተደረገ። ማያ ገጹን ከፍቶ የሚፈቅደው የስልኩ ባለቤት ነው።

ይህ ጥንቃቄ ሲጎድል ምን እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2018 ታየ። የቻይናው የቺሁ 360 ኩባንያ የኔትወርክ ተመራማሪዎች በዚሁ የዲበግ ድልድይ በኩል የሚዛመት አጥፊ ፕሮግራም አገኙ። ከተጠቁት መካከል ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠሙ የአንድሮይድ ሣጥኖች ይገኙ ነበር፤ በሩ በኬብል ብቻ ሳይሆን በኔትወርክ፣ በ5555 ቁጥር ፖርት፣ ለማንም ክፍት ሆኖ ነበርና። ፕሮግራሙ በማሽኖቹ ጉልበት «ሞኔሮ» የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ ለጌታው ያመርት ነበር። ከሰንድሜይሉ አደጋ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ቢያልፍም ስህተቱ አንድ ነው፤ ለሠሪው የተበጀ በር ተከፍቶ ለተጠቃሚው ተላለፈ።

ለአገራችን አንባቢ ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከተጀመረ ወዲህ ስልክ ለብዙ ሰው የገንዘብ ቦርሳም ሆኗል። ስለዚህ ስልኩን ለጥገና የሰጠ ሰው ሲረከብ ሦስት ነገር ያድርግ። የገንቢዎች አማራጭ በርቶ እንደሆነ ይመልከት፤ በዚያ ውስጥ «የዩኤስቢ ዲበግ ፈቃዶችን ሻር» የሚለውን ተጭኖ ቀድሞ የታመኑትን ኮምፒዩተሮች ሁሉ ይሰርዝ፤ ከዚያም አማራጩን ያጥፋ። ጥገና ሠሪውን መጠርጠር አይደለም፤ ቤት የጠገነ ሰው ቁልፍ እንደሚመልስ ሁሉ የጥገና ሥርዓት ነው።

መመዘኛው

ከላይ ካየነው ሁሉ «ይቅሩ ወይስ ይውጡ?» የሚለው ጥያቄ በአንድ ቃል የሚመለስ አለመሆኑ ግልጽ ነው። ስለእያንዳንዱ መልቀሚያ በየራሱ ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባል።

አንደኛ፦ ተኝቶ ሳለ ምን ይፈጃል? ጥቂት ከሆነ ይቆይ፤ ብዙ ከሆነ ተኝቶ የሚቆይበት ስልት ይፈለግለት፤ ያም ካልተገኘ ይውጣ።

ሁለተኛ፦ የሚያበራው ማን ነው? ማሽኑ አጠገብ የቆመው ባለቤት ነው ወይስ በኔትወርክ የመጣ ማንኛውም እንግዳ? ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሚበራ ከሆነ የአጥር ክፍተት ነው።

ሦስተኛ፦ ሲበራ የሚያደርገው ምንድን ነው? መናገር ብቻ ነው ወይስ መታዘዝም? የሚናገረውም ቢሆን የይለፍ ቃልና የሰው ምስጢር ወደ መዝገብ እንዳይጽፍ ጥንቃቄ ያሻዋል፤ መዝገብን የሚያነብ ሰው ብዙ ነውና።

በዚህ መመዘኛ ሲለኩ የሰንድሜይሉ «ዲበግ» በሁለተኛውና በሦስተኛው ጥያቄ ይወድቃል፤ የፓዝፋይንደር መከታተያ ግን ሦስቱንም ያልፋል። ሁለቱም «የስህተት መልቀሚያ» ተብለው በአንድ ስም ቢጠሩም በአንድ ፍርድ ሊዳኙ አይገባም።

ማጠቃለያ

እኛ በበኩላችን የምንደግፈው አቋም ይህ ነው። ርካሽ ፍተሻ ከኮዱ አይውጣ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ስህተቱን ውሂብ ሳያበላሽ ይይዘዋል። ይሁን እንጂ ፍተሻው ባልተሟላ ቁጥር ማሽኑን መግደል አይገባም፤ የሊኑክስ አዘጋጆች እንደሚመክሩት፣ መቀጠል በሚቻልበት ሁሉ አስጠንቅቆ መቀጠል ይሻላል። መከታተያው ተኝቶ ይቆይ። በሩ ግን ተዘግቶ ይታደል፤ ቁልፉም በማሽኑ ባለቤት እጅ ይሁን።

የነገዎቹ የሶፍትዌር ባለሙያዎች እናንተ ናችሁ። ነገ የምትጽፉት ኮድ ሄዳችሁ በማትደርሱበት ከተማ፣ በማታውቁት ሰው እጅ ይሠራል። በወደቀ ዕለት ለምን እንደወደቀ የሚናገርበት አንደበት ተዉለት፤ ሌላ ሰው የሚያዝዘው ጆሮ ግን አትተዉበት።

ለማሰላሰል የሚረዱ ጥያቄዎች

1. አንድ ፍተሻ 50 ምት ይፈጃል፤ በሴኮንድ 3 ሚሊዮን ጊዜ ይጠራል። በሴኮንድ 3 ቢሊዮን ምት በሚመታ ፕሮሰሰር ላይ ከመቶ ስንት እጅ ይወስዳል? ይቆይ ወይስ ይውጣ ትላላችሁ?

2. ባለፈው ወር የጻፋችሁትን አንድ ፕሮግራም ተመልከቱ። ስህተት ስትፈልጉ ያስገባችኋቸውን መስመሮች በፍተሻ፣ በመዝገብና በበር ከፍላችሁ ሦስቱን ጥያቄዎች ጠይቁ።

3. በመሥሪያ ቤቱ ምሳሌ ጸሐፊው የኃላፊውን ማዕረግ ባይዋስ፣ ይልቁንም መካከለኛው ሹም ቢሰናበት፣ ችግሩ ለዘለቄታው ይፈታ ነበርን? ምክንያታችሁን አስረዱ።